ዝናብ የማይወድ ደን

ኦቦ ቦጂያ ደቦ የጠሩት ለቅዳሜ ነበር፤ ዝናቡ የመጣው ሐሙስ ነው። ጥቅምት ላይ ሱሉልታ ውስጥ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው የለም። የታጨደው ሣር ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው፣ በእንጦጦ በኩል የመጣ ደመና ያለውን ሁሉ አራግፎበት ሄደ። ዓርብ ፀሐይ ወጣች፤ ግን ለሰላምታ ብቻ ብቅ እንዳለች ጎረቤት በር ላይ ቆማ ተመለሰች።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ደቦውን ወደ ሌላ ሳምንት ያዛውረዋል ትሉ ይሆናል። ደቦ አይዛወርም። የኦቦ ቦጂያ ባለቤት ወይዘሮ ገለቴ ጠላውን ጠምቀው ጋኖቹ አፋቸው ድረስ ሞልተዋል፤ በጉ ታስሮ ቆሟል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእሳቸው ቀጥሎ የሌላው ደቦ አለ፣ ከዚያም ቀጥሎ የሌላው። የአንዱ ቀን ከተነቃነቀ ሰፈሩ በሙሉ ይነቃነቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ሁላችንም መጣን።

እኔ ሥራዬ ዲሽ መትከል ነው። የተበላሸ ቴሌቪዥንና ሬዲዮም አያለሁ። ስሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላው «ባለ ዲሽ» ይለኛል። ደቦ ግን ሙያ አይጠይቅም፤ ክንድ ካለህ በቂ ነው። ሣሩን እያቀፍን ወደ ክምሩ ስናመጣ እጃችን ረጠበ። እጃችንን በሱሪያችን ጠረግን። ማንም የማንንም ሱሪ አላየም።

«ሣሩ አልቀዘቀዘም?» አለ አንዱ።

«ጠዋት ስለሆነ ነው» አለ ሌላው።

ቀትር ነበር።

ከማሪው ኦቦ ጂሬኛ ነበሩ። ሣር መቆለል ማንም ይችላል፤ ክምር መከመር ግን ሌላ ነገር ነው። ኦቦ ጂሬኛ የከመሩት ዘሞ አያውቅም፤ ውሃ አስገብቶ አያውቅም። ደቦ ሲጠራ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ነው ጠላው የሚጠመቀው። ክምሩ አናት ላይ መንሻቸውን ይዘው ሲቆሙ ከታች ያለው ሰው በሙሉ አንገቱን አቅንቶ ነው የሚያናግራቸው። እንዲህ አንገት ተቀንቶ ለሚታይ ሰው «ሣርዎ እርጥብ ነው» የሚል የለም። እሳቸውም፣ ያን ሁሉ ሰውና ያን ሁሉ ጋን እያዩ፣ ለኦቦ ቦጂያ «ሣርህ እርጥብ ነው» አላሉም። ኦቦ ቦጂያም የጠሩትን ሰው «ተመለሱ» አላሉም። በመከባበር ከመርነው። ከከብቶቹ በረት አጠገብ፣ ከቤቱ ጓሮ፣ ሁሌም በሚከመርበት ቦታ ላይ ቆመ። ያማረ ክምር ነበር።

ወሩ ሳያልቅ፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ኤቢሴ መጣች።

ኤቢሴ የኦቦ ቦጂያ ትልቋ ልጅ ናት። አዲስ አበባ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ትመራመራለች። ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቃቸው ወይዘሮ ገለቴ «ሙቀት ታያለች» ይላሉ። ሰፈሩ ግማሹ ነርስ ናት ብሎ ነው የሚያምነው። ግማሹ ደግሞ የአየር ሁኔታ የምታነብ ይመስለውና ቴሌቪዥን ላይ ይፈልጋታል፤ ስላላገኛት እኔን ዲሹን አስተካክል ይለኛል።

እኔን ያስጠራችኝ የመሣሪያዋን ሳጥን የሠራሁላት እኔ ስለሆንኩ ነው። ከአሮጌ ዲኮደር ቆርጬ ነው የሠራሁት። ከፊቱ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል አንዳንድ ዓይን ተቀምጣለች። ከኋላው ሁለት ቁጥር ይበራል፤ በግራ የድሮው ዓይን፣ በቀኝ የአዲሱ።

መሣሪያውን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆመችና አፍንጫዋን አነሳች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«መጀመሪያ ሰላም አይባልም?»

«አካም ጅርታ አባዬ። ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የእናትሽ አተላ ነው። ከደቦው የተረፈ።»

«አተላ እንዲህ ጣፋጭ ሽታ የለውም።»

«የማን አተላ ነው ጣፋጭ ያልሆነው?» አሉ ወይዘሮ ገለቴ ከጓዳ። የሽታው ነገር በዚሁ ተዘጋ።

ኤቢሴ ሣጥኑን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰካችው። የመጣችው ከላቦራቶሪ ውጭ፣ በነፋስና በብርድ፣ አዲሱ ዓይን ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው። ኦቦ ቦጂያ ጋቢያቸውን ለብሰው አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ ለእኔም አስረጂኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ሙቀት ታያለች ማለት ሰልችቶኛል።»

«ሁሉም ነገር ሙቀቱን እንደ ብርሃን ይረጨዋል። ዓይናችን የማያየው ብርሃን ነው፤ ኢንፍራሬድ ይባላል። ላሟ ትረጫለች፣ ግድግዳው ይረጫል፣ አንተም ትረጫለህ።»

«እኔ? በእሁድ ቀን?»

«በእሁድም። ይህ መሣሪያ እሱን ይቀበላል። የድሮው ዓይን ፊቱ ተራ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው። ከሚመጣለት የተወሰነውን መልሶ ያንጸባርቀዋል፤ ትንሽ ሙቀት ከሆነ ጭራሽ አያውቀውም። አዲሱ ላይ ግን ደን አብቅዬበታለሁ።»

«ደን?»

«የካርቦን ደን። አንዱ ዛፍ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ ይቀጥናል። ተጠጋግተው ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት። ብርሃኑ በመካከላቸው አንዴ ከገባ ከግንድ ግንድ ሲላተም መውጫው ይጠፋዋል። እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ያን ነው የምንቆጥረው።»

«ባህር ዛፍ በይኛ።»

«እንደ ባህር ዛፍ በለው።»

«ውሃ ያደርቃል እንግዲህ።»

«ውሃማ ጠላቱ ነው። ከረጠበ፣ ሲደርቅ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይተኛል። ላለፉት ዓመታት ያቃጠለኝ እሱ ነው። መብራት ሲጠፋ ምድጃ ውስጥ በእንጭጩ የቀረብኝን ደን ተወው። አሁን እያንዳንዱን ዛፍ ስስ ቅርፊት አልብሼዋለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ እርጥበት ችሎ ቆሟል። ደጅ ግን ገና ነው።»

ኦቦ ቦጂያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ ባለ ዲሽ? ዝናብ የማይወድ ደን። ለዚህ ነው ያስተማርኳት።»

ላሟን አየችበት፤ ሁለቱም ቁጥሮች ዘለሉ። እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ከቅርጫት ሥር አየችበት፤ የድሮው ትንሽ ተነቃነቀ፣ አዲሱ ብድግ አለ። ኦቦ ቦጂያ ደስ አላቸው፤ ዶሮዋ እዚያ እንዳለች ግን ያለ ምንም ዓይን ያውቁ እንደነበር ሳይናገሩ አላለፉም።

«አሁን ደግሞ ምንም የሌለበት ነገር ልይበት» አለች ኤቢሴ። «ወጥ የሆነ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው የማይሞቅ።» ሣጥኑን ወደ ክምሩ አዞረችው።

የድሮው ዓይን ጸጥ ብሎ ቆመ። ከላይ እስከ ታች፣ ከቀኝ እስከ ግራ ስታዞረው ቁጥሩ ያው ነው። አዲሱ ግን በበረቱ በኩል፣ በሰው ትከሻ ከፍታ ላይ ሲደርስ ከፍ ይላል። ስታሳልፈው ይወርዳል። ስትመልሰው ደግሞ ከፍ ይላል። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

«ብየዳህ ነው» አለችኝ።

«ብየዳዬ ምን አደረገ?»

«ሲዞር ይነካካል።»

ሳጥኑን ከፍቼ አየሁት። አይነካካም። እንደገና አዞረችው። እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ከፍ አለ። ኤቢሴ እጇን ከሣጥኑ ላይ አነሳች። ከዚያ አባቷን ሳታይ «ይህ ሣር ሲከመር ደርቆ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ኦቦ ቦጂያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ኦቦ ጂሬኛ ናቸው የከመሩት።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«እኔ እሱን ነው የመለስኩልሽ።»

እርጥብ ድርቆሽ ምን እንደሚሆን ሱሉልታ ውስጥ የሚያስረዱት ሰው አያስፈልግም። ሆዱ ውስጥ ይፈላል። ከውጭ ምንም ሳይመስል ከሳምንታት በኋላ በራሱ እሳት ሆኖ ይነሣል። የኦቦ ቦጂያ ክምር ደግሞ ከበረቱ ጋር ጎን ለጎን ነው፤ በረቱ ከቤቱ ጋር ይገጥማል። ክምሩ ከተነሣ አብሮት የሚሄደውን ለመቁጠር ማናችንም አልፈለግንም።

«እጄን አስገብቼ አይቼዋለሁ» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «እስከ ክርኔ። ለብ ይላል እንጂ ምንም የለም። ክምር መቼም ለብ ይላል።»

«መቼ ነው ያስገባኸው?»

«እንዲያው ሳልፍ።»

«ስንቴ አለፍክ?»

ኦቦ ቦጂያ በርጩማቸውን ሳብ አደረጉ።

«ሙቀቱ ጥልቅ ከሆነ እጅህ አይደርስበትም» አለች። «ሣሩ ራሱ ብርድ ልብስ ነው። ወደ ላይ ሾልኮ የሚወጣው ትንሽ ነው፤ የድሮው ዓይን አያገኘውም።»

«ሁለት ምስክር ነው ያመጣሽብኝ። አንዱ ደህና ነው ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል። ፍርድ ቤት ብትሄጂ ያባርሩሻል።»

«አንዱ ምስክር ዓይኑ ደካማ ነው።»

«ወይ ደግሞ አንዱ ውሸታም ነው።»

ደኑ ደጅ ሲወጣ የመጀመሪያ ቀኑ ነው። ምን እንደሚያደርግ ኤቢሴም ገና አላየችውም።

«ደግሞም» አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ እፎይታ የሚመስል ነገር አግኝተው፣ «ያ ጎን ከሰዓት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው።»

ይህ እውነት ነበር። ኤቢሴም አመነች። «እንግዲያው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይነካው፣ እደግመዋለሁ።»

«ማለዳ ሙሄዲን ይመጣል።»

ሙሄዲን የቡራዩ ነጋዴ ነው፤ ድርቆሽ ከሱሉልታ እየጫነ ሰበታ ላሉ ወተት አምራቾች ይሸጣል። ሰኞ ጠዋት ከክምሩ ሊጭን ቀጠሮ ይዟል። «እንግዲያው ከሙሄዲን በፊት» አለች ኤቢሴ።

ሲመሻሽ ወይዘሮ ገለቴ ላሞቹን ከበረቱ አውጥተው ከቤቱ ማዶ፣ አጥሩ ሥር አሰሯቸው። «ነፋስ ያግኙ ብዬ ነው» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ማለዳ ስመጣ ጉም ነበር። ኤቢሴ ሣጥኑን ተክላ ክምሩን ዙሪያውን እያየች ነው። የድሮው ዓይን፣ ጸጥ። አዲሱ፣ ሜዳው በኩል ጸጥ፣ መንገዱ በኩል ጸጥ፤ በበረቱ በኩል፣ በትከሻ ከፍታ፣ ከፍ። አሁን ፀሐይ የምትባል ነገር በአካባቢው የለችም።

ኦቦ ቦጂያ ከኋላዋ ቆመው ቁጥሩን ያነባሉ። ሌሊቱን በዓይናቸው እንቅልፍ እንዳልዞረ ፊታቸው ይናገራል።

ከዚያ ማካፋት ጀመረ።

ኤቢሴ ነጠላዋን ገፍፋ ሣጥኑን ሸፈነችው። «ደኑ!» አለች። ጠብታ በቀዳዳው ገብቷል። እዚያ ውስጥ አሁን ዛፎቹ ቆመው ይሁን ተኝተው ከላይ አይታይም። ተኝተው ከሆነ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ጉሙ ቀድሞ አስተኝቷቸው ከሆነም ማለዳ ያነበበችው ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል።

«በቃ ተይው» አሉ ኦቦ ቦጂያ ቀስ ብለው። ልጃቸውን ሊያጽናኑ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ራሳቸውን የሚያጽናና ሰው ድምፅ ሆነ።

አልተወችውም። ጃንጥላ አምጣልኝ አለችኝ። ከጃንጥላው ሥር ሣጥኑን ወደ ድንጋዩ አጥር አዞረችው፤ ወጥ ነው። ለብ ያለ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ አጥሩ ላይ አስቀመጠችና አየችበት፤ አዲሱ ከፍ አለ። ጠርሙሱን አነሳችው፤ ወረደ። ሦስቱንም እንደገና አደረገችው። ከዚያ ወደ ክምሩ መለሰችው።

ከፍ።

«ቆሟል» አለች። ስለ ደኑ ነው። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ፤ ደኑ ከቆመ ክምሩ እየነደደ ነው ማለት ነው። «አባዬ፣ ይከፈት።»

«እንዴት ብዬ?»

«በመንሽ።»

«የኦቦ ጂሬኛ ክምር ነው። እሳቸው ሳይኖሩ ከከፈትኩት ሰውየው በሰፈር መሃል ምን ይባላሉ? እሳቸውን ጠርቼ ከከፈትኩት ደግሞ ምን ልበላቸው? እርጥብ ከመሩ ልበል? እርጥቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ!»

«አሁን አልከው» አለች ኤቢሴ።

«ምን አልኩ?»

«እርጥብ።»

ወይዘሮ ገለቴ ከበሩ ላይ ሆነው ተናገሩ። «እኔ ላሞቹን አውጥቻለሁ። ቤቱን ግን በገመድ ጎትቼ ማውጣት አልችልም። ለኦቦ ጂሬኛ ክብር ሲባል ቤቴ አይቃጠልም። አንድ ሰው ይሂድ።»

ማን ይሂድ? ኦቦ ቦጂያ ቢሄዱ ወቀሳ ነው። ወይዘሮ ገለቴ ቢሄዱ ጠብ ነው። ኤቢሴ ብትሄድ ልጅ ትልቅ ሰው አረመች ይባላል። ሁሉም እኔን አዩኝ።

«አንተ ሂድ» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «አንተ ስለ ክምር ምንም አታውቅም። ብትሳሳት እንኳ ስድብ አይሆንም።»

ሄድኩ። ኦቦ ጂሬኛ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ኦቦ ቦጂያ ቤት ያያሉ፤ ጉሙን አልፎ ምን እንደሚታያቸው አላውቅም።

«ኦቦ ጂሬኛ፣ አካም ቡልተን።»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ምን እግር ጣለህ በጠዋት?»

«መሣሪያው ይፈልግዎታል።»

«የምን መሣሪያ?»

«የኤቢሴ። ክምሩን አየና ሞቋል አለ።»

«ማነው ሞቋል ያለው?»

«መሣሪያው።»

«ቦጂያስ ምን አለ?»

«እሳቸው ምንም አላሉም።»

«ገለቴስ?»

«እሳቸው ስለ ቤታቸው ነው የተናገሩት።»

«ልጅቷስ?»

«እሷ ቁጥሩን ነው ያነበበችው።»

«እንግዲያው ሰው አልተናገረም።»

«ሰው አልተናገረም» አልኩ።

ኦቦ ጂሬኛ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። እንዲህ ያለ ትንፋሽ ከዚህ በፊት የሰማሁት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ ከዲሹ ጋር ሊወድቅ ሲል ምሰሶው ሲይዘው ነው። ከግድግዳው ላይ መንሻቸውን አወረዱ። ከጓሮ ደግሞ አንድ ረጅም ፌሮ ብረት ጎትተው አወጡና አስያዙኝ። «ቶሎ በል» አሉኝ፤ በሰባ ምናምን ዓመታቸው እየሮጡ ነው የደረሱት። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ሲደርሱ ሰላምታው አጭር ነበር። «የት ላይ ነው አለ መሣሪያው?» ብለው ኤቢሴን ጠየቁ።

ኤቢሴ በእንጨት ምልክት አድርጋ ነበር፤ አሳየቻቸው። ፌሮውን እዚያ ላይ ተክለው ሁለታችን ገፋነው። እጅ ከሚደርስበት አልፎ፣ እስከ መሃል ገባ። ኦቦ ጂሬኛ ቆመው ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። ሲያወጡት ጫፉን ሊይዙት ዘረጉና እጃቸውን በፍጥነት ሰበሰቡ።

«ውሃ» አሉ።

ኤቢሴ ቀድማ ጀሪካኖቹን አስሞልታ ደርድራ ነበር። «ቀስ ብሎ ይከፈት አባባ» አለቻቸው። «አየር ድንገት ከገባ ያኔ ነው የሚነሣው። አንቱ ሲከፍቱ እኛ እናርሳለን።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ። ሌላ ነገር አልጠየቋትም።

ጎረቤቶቹ መቼ እንደተሰበሰቡ አላስተዋልኩም። ያን ቅዳሜ የነበሩት በሙሉ ማለት ይቻላል አሉ። ኦቦ ጂሬኛ እንደ ለመዱት ወደ ክምሩ አናት አልወጡም፤ ከጎኑ ቆመው በመንሽ እየቀረፉ ይጥላሉ፣ ሌላው ይበትናል፣ ሌላው ያርሳል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ደህና ድርቆሽ ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ኤቢሴ ሣጥኗን ታቅፋ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ከዚያ ቀለሙ ተለወጠ። መጀመሪያ እንደ ትንባሆ ቅጠል፣ ከዚያ እንደ ተቆላ ብቅል። እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ወጣ። ያ ጣፋጭ ሽታ ግቢውን ሞላው።

«ይኸው አተላሽ» አሉ ኦቦ ቦጂያ ወደ ሚስታቸው።

ወደ መሃሉ ሲደርሱ መንሹ ያወጣው ሣር ጥቁር ነበር፤ ሲነካ ይደቅቃል። አየሩ ሲያገኘው ጠርዙ ላይ ቀይ ነገር ሮጠ። ሦስት ጀሪካን በአንድ ጊዜ ወረደበት። ጮኸ፣ አጨሰ፣ ሞተ። ኦቦ ጂሬኛ ያን ሁሉ ቆርጠው ሜዳው ላይ አወጡት። የቀረውን ማንም አላዘዘንም፤ በየእቅፋችን እያነሣን ዘረጋነው። ከክምሩ የተበላሸው ትንሹ ነው። ትልቁ ክፍል ወርቅ መስሎ ሜዳው ላይ ተኛ።

ማካፋቱ ከመቼ ጀምሮ እንዳቆመ ያስተዋለ የለም።

የሙሄዲን አይሱዙ የደረሰው ያኔ ነው። ሙሄዲን ከመኪናው ወረደና እንፋሎት የሚያወጣውን ሣር አየ።

«ኦቦ ቦጂያ፣ ድርቆሹ ምነው ያጨሳል?»

«አያጨስም» አሉ ኦቦ ጂሬኛ፣ «ይተነፍሳል።»

«ይህንን ነበር እኔ የምጭነው?»

«ይህንን ነበር።»

ሙሄዲን አይሱዙውን ዞሮ አየ። የሚሄድበትን መንገድ በልቡ የተከተለው ይመስለኛል፤ ቡራዩን፣ የገበያውን ግርግር፣ መንገድ ዳር ያለውን የነዳጅ ማደያ፣ ከዚያ እስከ ሰበታ። «አልሐምዱሊላህ» አለና ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ቆይቶ «ማን ነው ያየው?» አለ።

«መሣሪያው» አልን፣ ብዙ ሆነን።

ኦቦ ጂሬኛ መንሻቸውን መሬት ላይ ተከሉና ተደገፉት። «ቅዳሜ ዕለት» አሉ፣ «እርጥብ ነበር።»

«እርጥብ ነበር!» አለ ከመሃላችን አንዱ። ድምፁ እንደ እልልታ ነው የወጣው።

«የኔማ እጄ ይንጠባጠብ ነበር!»

«የኔስ? እስከ ብብቴ!»

«ቀዝቅዟል ስልህ ጠዋት ስለሆነ ነው አላልከኝም?»

«ምን ልበልህ ታዲያ? ጠላው እየተቀዳ!»

ይሄኔ ግቢው ተናወጠ። ወራት የታፈነ ይመስል ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይስቃል፤ የማን እጅ ይበልጥ እንደረጠበ ክርክር ተነሣ። ኦቦ ጂሬኛ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔ» አሉ፣ «ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ በኩል ጭስ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ገለቴ ዳቦ ስትጋግር እንኳ!»

«ታዲያ ምነው ባልነገሩን?» አሉ ወይዘሮ ገለቴ።

«አንቺስ ላሞቹን ስታወጪ ምነው ባልነገርሽ?»

«ነፋስ ያግኙ ብዬ ነው» አሉ ወይዘሮ ገለቴ፤ እሳቸውም ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ኤቢሴ ሣጥኗን ይዛ ወደ ቤት ገብታ ነበር። በትንሽዬ ማጉያ መነጽር አዲሱን ዓይን ስታየው ቆይታ ወጣች። ጠርዙ ላይ ጠብታው የነካው ቦታ ትንሽ እንደተኛ ነገረችኝ፤ የቀረው እንዳለ ቆሟል። «ቅርፊቱ ይዟል» አለች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች። ስለ ዓመታቱ እያሰበች መሰለኝ፤ ጠየቅኳት።

«አይ» አለች፣ «ርቦኛል።»

ሙሄዲን ድርቆሹ እስኪደርቅ ሊጠብቅ ተስማማ። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ በዚህ ቀን አልሰሰተችም። ሰበታ ላሉት ሰዎች ሊያስረዳ ስልኩን አወጣ። «ዛሬ አይመጣም» ይላል ጮክ ብሎ። «የለም፣ ደህና ነው፤ እንዲያውም በጣም ደህና ነው። ባለቤቱን ላገናኝህ...» ብሎ ኦቦ ቦጂያን ፈለገ።

ኦቦ ቦጂያ ሜዳው ላይ፣ የተዘረጋው ድርቆሽ ውስጥ፣ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ጋቢያቸው ፊታቸው ላይ ነው። እንቅልፍ የወሰዳቸው ክርክሩ መሃል መሆን አለበት፤ አንድ እጃቸው የሆነ ነገር ሊል እንደ ተነሣ ሣሩ ላይ ወድቋል። ሰዎቹ ሣሩን ሲገለብጡ እሳቸው ጋ ሲደርሱ ዞረው ያልፋሉ።

ሙሄዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተኝተዋል» አለ ወደ ስልኩ። «አይ፣ አልታመሙም። ተኝተዋል ብቻ።»